አሥራ አንድ ለዘጠኝ

ሁርሊንግሃም የሚለው ስም የተወለደው ናይሮቢ ላይ አይደለም። በለንደን፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በ1869 የተመሠረተ የባለጸጎች ክለብ በዚህ ስም ይጠራል፤ ስመ ጥር የቴኒስ ተጫዋቾችም በዊምብልደን ውድድር ዋዜማ ሣሩን ለመልመድ ለዓመታት ሲጋጠሙበት ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የናይሮቢው ሁርሊንግሃም ከለንደኑ ጋር የሚጋራው ነገር ቢኖር ስሙን ብቻ ነው። እዚህ ያለው የአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ግርግር፣ የማታቱ ጥሩምባ፣ የጃካራንዳ ጥላ፣ በየመካከሉም የእንጀራና የቡና ሽታ ነው። ከኢትዮጵያ ምግብ ቤቶቹ በአንዱ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ የስፖርት ወሬ ሲነሣ ሁለት ነገር ይሰማል፤ የእንግሊዝን እግር ኳስ፣ ደግሞም የኢትዮጵያንና የኬንያን ሯጮች የማያልቅ ፉክክር። የሜዳ ቴኒስ የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው።

ከነዚያ ቀናት አንዱ በ2022 ሐምሌ ወር ውስጥ ነበር። ሴት ልጁን በየቅዳሜው ጠዋት የቴኒስ ትምህርት የሚያመላልስ አንድ አባት ስልኩን ወደ ጎረቤቱ ወደ ሽማግሌው አስጠጋና፣ «ጋሼ፣ የናይሮቢ ልጅ ዊምብልደን ላይ ዋንጫ በላች» አላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ፎቶግራፉን አዩ።

«ጎሽ! ታዲያ አሁን ከዓለም ስንተኛ ሆነች ማለት ነው?»

«እሱ እንኳ ለደረጃ አይቆጠርም ጋሼ፤ የታዳጊዎች ዋንጫ ነው።»

«ዋንጫ ከሆነ እንዴት ነው የማይቆጠረው?»

አባትየው መልስ አላገኘም። ልጁ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።

የአንጄላ ኦኩቶዪን የውድድር ታሪክ መዝገብ አንሥቶ ለሚያነብ ሰው ከሽማግሌው ጥያቄ የተሻለ መነሻ አይገኝም። መዝገቡ ያለ ጥርጥር አንጸባራቂ ነው። ነገር ግን በአንድ ዓምድ ያለውን ሌላው ዓምድ የማያውቀው፣ ባለቤቲቱ ያሸነፈችበትን ቀን የዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ባዶ አድርጎ የሚያልፍበት መዝገብ ነው።

ኦኩቶዪ በ2004 በጥር ወር ናይሮቢ ውስጥ ከመንትያ እኅቷ ከሮዜሊዳ አሱምዋ ጋር ተወለደች። እናታቸው በወሊድ ምክንያት ስላረፉ ሁለቱን ሕፃናት ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። አያቲቱ በሎሬቶ ኮንቬንት ምሶንጋሪ ትምህርት ቤት በጽዳት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ላቪንግተን ነው፤ ከሁርሊንግሃም በ46 ቁጥር ማታቱ ተሳፍሮ ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ሰው ሩቅ አይደለም። በግቢው ውስጥ የቴኒስ ሜዳ አለ፤ መንትዮቹም አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ራኬት የጨበጡት እዚያ ነው። ሜዳው የተሠራው ለከፋይ ቤተሰብ ልጆች ይሁን እንጂ የጽዳት ሠራተኛዋ የልጅ ልጆች ተጫወቱበት።

ዓለም አቀፍ ጋዜጦች ይህን ታሪክ ወደዱት። የኦኩቶዪ ስም በተነሣ ቁጥር አያቲቱና መጥረጊያቸው አብረው ይነሣሉ። እውነት ነውና መነሣቱ አያስነውርም፤ ይሁንና አንባቢው በሰውየው ሐዘን ልቡ ሲነካ የተጫዋቿን ክንድ ማየት ይረሳል። ያቺ ልጅ የታወቀችው ወላጅ እናቷን ስላጣች ሳይሆን፣ በሁለት እጅ ጨብጣ የምትመልሰው ኳስ መስመሩ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ስለዚህ ወደ ውጤቶቹ ማለፍ ይሻላል።

አስቀድሞ ግን አንድ የቃል ችግር አለ። የቴኒስ ግጥሚያ የሚከፈልባቸውን ክፍሎች የስፖርት ጋዜጠኞቻችን በእንግሊዝኛው ስማቸው «ሴት» ብለው ይጽፏቸዋል። በሬዲዮ ሲነገር ድምፁ ይለያል፤ በፊደል ሲሰፍር ግን «ሁለተኛዋን ሴት አሸነፈች» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣና አንባቢው ስንት ሴቶች ሜዳ እንደገቡ ለማወቅ ይቸገራል። እዚህ «ምዕራፍ» ይባላል።

ኦኩቶዪ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን በአፍሪካ ባቋቋማቸው ማሠልጠኛዎች፣ በቡሩንዲ፣ ኋላም በሞሮኮ ሠለጠነች። በ2021 በአፍሪካ የታዳጊዎች ሻምፒዮና በነጠላ አሸነፈች። በ2022 ጥር በአውስትራሊያ ግራንድ ስላም የታዳጊዎች ውድድር ጣሊያናዊቷን ፌዴሪካ ኡርጄዚን በሦስት ምዕራፍ ረታች። በግራንድ ስላም የታዳጊዎች የነጠላ ውድድር አንድ ግጥሚያ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኬንያዊት እርሷ ናት። ሁለተኛውንም ዙር አለፈች፤ በሦስተኛው ተሸነፈች። ከወንዶቹ ወገን ኬንያ ፖል ዌኬሳን አፍርታለች፤ እርሱም በ1990ዎቹ በነጠላ እስከ 100ኛ ደረጃ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን በናይሮቢ ስለ ቴኒስ ይወራ የነበረው በአብዛኛው ትዝታ ነበር።

ከዚያ ዊምብልደን መጣ። ኦኩቶዪ ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር በልጃገረዶች ጥንድ ውድድር ለፍጻሜ ደረሰች። ተጋጣሚዎቻቸው ካናዳውያኑ ኬይላ ክሮስና ቪክቶሪያ ምቦኮ ነበሩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 6 ለ 3 ለካናዳውያኑ ሆነ። ሁለተኛውን ኦኩቶዪና ጓደኛዋ 6 ለ 4 ወሰዱ። በዚህ ውድድር ምዕራፉ አንድ እኩል ሲሆን ሦስተኛ ምዕራፍ አይጫወቱም፤ ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል፣ ነገር ግን በሁለት ነጥብ መብለጥ አለበት። ውጤቱ 11 ለ 9 ነው። ይህን ቁጥር ጠጋ ብሎ ላየው ሰው አንድ ነገር ይነግረዋል፤ 11 ለ 9 የሚያልቅ ግጥሚያ የግድ ዘጠኝ እኩል ላይ ቆሟል። አራት ልጃገረዶች በዚያ ሣር ላይ ዘጠኝ ለዘጠኝ ተፋጥጠው ቆመው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ነጥቦች የናይሮቢዋ ልጅና ጓደኛዋ ወሰዷቸው። የግራንድ ስላም ዋንጫ ያነሣ ኬንያዊ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ፤ ለምን አልተቆጠረም?

የሴቶች ቴኒስ ማኅበር የደረጃ ሰንጠረዥ የሚያውቀው የፕሮፌሽናል ውድድር ነጥብ ብቻ ነው። ተጫዋቿ በሰንጠረዡ ለመግባት ቢያንስ በሦስት ውድድሮች ነጥብ ማግኘት ወይም በድምሩ 10 ነጥብ መያዝ ይኖርባታል። ያገኘችው ነጥብ ደግሞ ለ52 ሳምንታት ብቻ ይቆያል፤ ሳምንቱ ዞሮ ሲመጣ ይወድቃል። እንደ ዕቁብ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ልዩነቱ ያላዋጣ ከማኅበሩ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን ያዋጣውም ገንዘብ በዓመቱ የሚጠፋ መሆኑ ነው። ከሥር ያሉት ውድድሮች ሽልማታቸው ለተሳታፊዎቹ ሁሉ ተደምሮ 15 ሺህ የአሜሪካ ዶላር የሆኑት ናቸው። ከ2024 ወዲህ ባለው አቆጣጠር እንዲህ ያለውን ውድድር ከመጀመሪያው ዙር እስከ ፍጻሜ አምስት ጊዜ አሸንፋ የጨረሰች ተጫዋች 15 ነጥብ ታገኛለች። በግራንድ ስላም ዋና ውድድር የመጀመሪያ ግጥሚያዋን ተሸንፋ የምትመለስ ተጫዋች ደግሞ 10 ነጥብ ይሰጣታል። በ2024 ዊምብልደን በነጠላ በመጀመሪያው ዙር ለተሸነፉት ለእያንዳንዳቸው የተከፈለው 60 ሺህ ፓውንድ ነበር። ከላይ ያለ ሰው ሲሸነፍ የሚያገኘውን፣ ከታች ያለ ሰው አሸንፎም አያገኘውም።

ሩጫን ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ ግራ ያጋባል። አልማዝ አያና በ2016 በሪዮ 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ለተሰንበት ግደይ በ2021 ወደ 29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ ስታወርደው፣ በ2024 ደግሞ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት 28 ደቂቃ ከ54.14 ሰከንድ ስትገባ (የዚያን ዕለት የሁርሊንግሃም ሐበሻ በኬንያውያን ጎረቤቶቹ ፊት አንገቱን ደፋ ማድረጉ አልቀረም) ማንም «ከማን ጋር ነው የሮጡት?» ብሎ አልጠየቀም። ሰዓት ዘመድ አይመርጥም። በቆጂ ላይ የተሮጠ ደቂቃ ለንደንም ላይ ደቂቃ ነው። በቴኒስ ግን ሰዓት የለም። የአንዲት ተጫዋች ብቃት የሚታወቀው ከመረቡ ማዶ በቆመችው ሌላ ተጫዋች ነው፤ ያቺን ሌላ ተጫዋች ለማግኘት ደግሞ ቪዛ መጠየቅና አውሮፕላን መሳፈር ያስፈልጋል። ናይሮቢ አልፎ አልፎ የፕሮፌሽናል ውድድር ብታስተናግድም፣ ሳምንት ከሳምንት ነጥብ የሚለቀምባቸው ከተሞች እንደ ቱኒዚያዋ ሞናስቲር ያሉት ናቸው። የቪዛ ወረፋ ምን እንደሆነ ለዚህ ሰፈር ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። አየሩም አንድ አይደለም፤ በናይሮቢ ከፍታ ኳስ ስለምትፈጥን እጁን በዚያ ያሠለጠነ ተጫዋች ባሕር ዳር ሲወርድ ኳሷ የከበደች ትመስለዋለች።

እንግዲህ በዚያ ሣር ላይ ወደ ቆሙት ልጃገረዶች መመለስ ነው። ቪክቶሪያ ምቦኮ ያን ጊዜ 15 ዓመቷ ነበር፤ ኦኩቶዪ 18። የምቦኮ ወላጆች ከኮንጎ የተሰደዱ ናቸው፤ እርሷ አሜሪካ ተወልዳ ካናዳ አደገች። በ2025 መጀመሪያ በዓለም ሰንጠረዥ ከ300ኛ በኋላ ነበረች። በዓመቱ መጀመሪያ ወራት በማርቲኒክ፣ በጓዴሎፕና በሌሎችም ስፍራዎች በትንንሽ ውድድሮች ያለማቋረጥ አሸነፈች። በነሐሴ ደግሞ ሞንትሪያል በተካሄደው የካናዳ ታላቅ ውድድር፣ 85ኛ ሆና ሳለ በአዘጋጆቹ ግብዣ ገብታ፣ ኮኮ ጎፍንና ኤሌና ሪባኪናን ጥላ፣ በፍጻሜው ናኦሚ ኦሳካን 2 ለ 6፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ዓመቱ ሲያልቅ ከ20ዎቹ አንዷ ነበረች።

እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት መቸኮል አይገባም። ምቦኮ ብርቅ ተሰጥኦ ያላት ተጫዋች ናት፤ በዚያ የዊምብልደን ቀን ከኦኩቶዪ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታንስ ነበር፤ ይህም በዚህ ዕድሜ ትልቅ ልዩነት ነው። የጥንድ ግጥሚያም የነጠላ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን «በግብዣ» የምትለዋ ቃል መታለፍ የለባትም። ግብዣ የሚሰጠው አዘጋጁ አገር ነው፤ አዘጋጁም ለራሱ ልጆች መስጠቱ ተፈጥሯዊ ነው። ካናዳ የሚሰጥ ግብዣ አላት። ኬንያ የላትም፤ ኢትዮጵያም የላትም፤ በአፍሪካ ምድር ለዚያ ማዕረግ የበቁ የሴቶች ውድድሮችን በእነዚህ ዓመታት ያስተናገዱት ሞሮኮና ቱኒዚያ ናቸው። የኮንጎ ስደተኞች ልጅና የናይሮቢዋ ልጅ በደም ሳይሆን በአድራሻ ተለያዩ ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ እውነቱ በሙሉ ግን አይደለም።

ኦኩቶዪ በ2023 መጀመሪያ አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ በሚገኘው በኦበርን ዩኒቨርሲቲ በስፖርት ስኮላርሺፕ ትምህርት ጀመረች። አንዳንዶች ይህን እንደ ማፈግፈግ ቆጠሩት። ስሌቱ ግን ቀላል ነው፤ አሠልጣኝ፣ ሜዳ፣ ሐኪም፣ ምግብና ዲግሪ በአንድ ቦታ ይገኛሉ። ዋጋውም አለ። ትምህርትና የኮሌጅ ግጥሚያ የዓመቱን ብዙ ሳምንታት ይወስዳሉ፤ የኮሌጅ ግጥሚያ በሴቶች ቴኒስ ማኅበር ሰንጠረዥ ነጥብ የለውም፤ በጊዜው በነበረው ደንብም የኮሌጅ ተጫዋች በፕሮፌሽናል ውድድር ብታሸንፍ ከወጪዋ በላይ ሽልማት መቀበል አይፈቀድላትም ነበር።

በዚህ መካከል የአክራ ሳምንት መጣ። የ2023 የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በጋና የተካሄዱት ተዘዋውረው በ2024 መጋቢት ነበር። ኦኩቶዪ በግማሽ ፍጻሜው ግብጻዊቷን ማያር ሸሪፍን ገጠመች። ሸሪፍ ማን እንደሆነች ካልታወቀ የዚያ ግጥሚያ ክብደት አይገባም። በ2022 በጣሊያን ፓርማ የሴቶች ቴኒስ ማኅበርን ዋንጫ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ግብጻዊት ናት፤ በ2023 እስከ 31ኛ ደረጃ ደርሳለች። እርሷም ብትሆን ያደገችው በአሜሪካ ኮሌጅ፣ በፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። በ2019 ራባት ላይ የመላው አፍሪካን ወርቅ ወስዳ በዚያው ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በቅታ ነበር። ኦኩቶዪ ይህችን ተጫዋች አሸነፈች። በፍጻሜው ሌላዋን ግብጻዊት ላሚስ አልሁሴንን ረትታ ወርቁን በአንገቷ አጠለቀች።

ናይሮቢ ውስጥ የዚያን ሰሞን «ኦኩቶዪ ለፓሪስ አለፈች» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ወሬው ግማሽ እውነት ነበረው። የመላው አፍሪካ አሸናፊ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ቦታ ይጠበቅላታል፤ ሆኖም በ2024 ሰኔ በሚወጣው የዓለም ሰንጠረዥ ከ400ዎቹ ውስጥ መገኘት አለባት። ከአክራ የተገኘው ወርቅ ደግሞ ለዚያ ሰንጠረዥ አንድ ነጥብ እንኳ አይጨምርም። ከዓለም 31ኛ የነበረችውን ተጫዋች ያሸነፈችበት ቀን በሰንጠረዡ ዓይን ያልተጫወተችበት ቀን ሆነ። የቀሯት ሳምንታት ጥቂት ነበሩ፤ ነጥቡ ያለው በትንንሾቹ ውድድሮች ነበር፤ የኮሌጁ የውድድር ወቅትም ገና አላለቀም። ሰኔ ሲደርስ ከ400ዎቹ ውጪ ነበረች። ፓሪስ ቀረ።

ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት አይቻልም። ኦሊምፒክ ላይ ገና ከጅምሩ የሚሸነፍ ተጫዋች እንዳይሰለፍ ይፈልጋሉ። ነገር ግን መለኪያው የሚለካው ማሸነፍን ነው ወይስ መዘዋወርን? በአክራ ማሸነፏ ታይቷል።

ስለ ጊዜ ደግሞ ሌላ ተጫዋች ማስታወስ ተገቢ ነው። ኦኩቶዪ ዋንጫ ባነሣችበት በዚያው ዊምብልደን፣ በአዋቂዎች ነጠላ ፍጻሜ ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃቡር ተሰልፋ ነበር፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ 6 ለ 3 ካሸነፈች በኋላ ሁለቱን ተከታታይ ምዕራፎች ለሪባኪና 6 ለ 2፣ 6 ለ 2 አሳልፋ ሰጠች። ጃቡር የፈረንሳይን የልጃገረዶች ዋንጫ ያሸነፈችው በ2011 ነው። የሴቶች ቴኒስ ማኅበርን የመጀመሪያ ዋንጫዋን ያገኘችው በበርሚንግሃም፣ በ2021 ነው። በሁለቱ መካከል አሥር ዓመት አለ። በእነዚያ አሥር ዓመታት መካከል መዝገቧን ገልጦ ያየ ሰው «ይህቺ ልጅ የት ጠፋች?» ባለ ነበር።

አባትየውና ሽማግሌው ዛሬም አልፎ አልፎ በዚያው ምግብ ቤት ይገናኛሉ። የአባትየው ልጅ የመጀመሪያ ራኬቷ አጥሯት ሌላ ተገዝቶላታል፤ የትምህርቱ ክፍያም ሁለት ጊዜ ጨምሯል። ባለቤቱ ልጅቷ ወደ ዋና ብትዛወር እንደምትመርጥ ነግራዋለች፤ ዋና ዋጋው ይቀላል። አባትየው ስለ ኦኩቶዪ የሚያነበውን ሁሉ ለሽማግሌው ይተርክላቸዋል፤ እሳቸውም ያንኑ «ስንተኛ ሆነች?» የሚል ጥያቄያቸውን አልተዉም። በቅርቡ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባትየው የልጁን ራኬት በፌስታል ይዞ መጣ። ሽማግሌው ተቀብለው ክሮቹን በአውራ ጣታቸው እንደ ክራር መታ መታ አደረጓቸው።

«ላልቷል።»

«አዎ ጋሼ። ለነገ ማለዳ ማስጠበቅ አለብኝ» አለና ቡናውን ሳይጨርስ ተነሣ።